በቀን አንድ ፊኛ

አባቴ መጫወት የጀመረው በአርባ ዓመቱ ነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስስቅ ነፋስ የሚገባበት ጊዜ። ከዚያ በፊት አባዬ የሚጫወት ሰው አልነበረም። ቀን ቀን ፀጉር ያስተካክላል፣ ጺም ይላጫል። ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይዋ ከፎቁ ጀርባ ስትገባ፣ ኮቱን ከመስቀያው ያወርድና "መጣሁ" ብሎ ይወጣል። የሚመለሰው እኔ ከተኛሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ለእኔ "መጣሁ" ማለት "ደህና እደሪ" ማለት ነበር።

ቤታችን ለሁለት የተከፈለ ነው። የፊተኛው ክፍል ፀጉር ቤቱ፣ የኋለኛው እኛ፤ በመሃል አንድ አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ የሥራ ወንበር አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ግን ምን ዓይነት ወንበር! ቀይ ቆዳ የለበሰ፣ የብረት እግር ያለው፣ መርገጫውን ሲረግጡት ሽቅብ የሚወጣ፣ ገፋ ሲያደርጉት የሚሽከረከር። ደንበኛ በሌለ ሰዓት አባዬ አስቀምጦ አንድ ዙር ያዞረኛል፤ እኔ የምፈልገው ግን ሦስት ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ እማዬ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ጨርቅ የምታያይዝባቸውን ስፒሎች ከንፈሯ መሃል ደርድራ ስለምትሠራ፣ ቁጣዋ ሁሉ በግማሽ አፍ ነበር የሚወጣው። ግማሹን ራሳችን እንሞላዋለን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደፍ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን ስበላ፣ ከውስጥ "እህ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተከትሎ የውሃ ሳህን መሬት ላይ ወደቀ። ወዲያው ዳይሬክተሩ ወጡ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ የሰፈሩን ሰው ግማሹን ያስተማሩ፣ ግማሹን ያንበረከኩ። በየቅዳሜው አባዬ ዘንድ መጥተው ጺማቸውን ይላጫሉ። ያን ቀን ግን ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደለበሰ፣ ነጭ ፎጣ ጆሯቸው ላይ ይዘው ነው የወጡት። ፎጣው እያየሁት ቀላ።

"እማዬ፣ ምን ሆኑ?"

"ትንኝ ነክሳቸው ነው" አለችኝ በስፒሎቹ መሃል።

ወይ ጉድ፣ የምን ትንኝ ናት እንዲህ የምትነክስ! ያን ሰሞን ትንኝ ሽው ባለች ቁጥር ጆሮዬን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ እይዝ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ደንበኛ ጠፋ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አባዬ የሚወራበትን የሰማው ከሁሉም በኋላ ነው። እኔ ቀድሜው ሰምቻለሁ። ዳቦ ልገዛ ተልኬ ስሄድ ዳቦ ሻጯ ለአንዲት ሴትዮ፣ "እጁ ይንቀጠቀጣል አሉ። ጠዋት ጠዋት ሻይ እንኳ ሳያፈስ አይጠጣም" ትላለች። ሴትዮዋም፣ "ተይኝ እባክሽ፣ እሱን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው" አለቻት። እኔ የገባኝ አባዬ ብርድ እንደያዘው ነው። ቤት ስደርስ ባዶ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀምጦ አገኘሁትና የእማዬን ወፍራም ሹራብ አምጥቼ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት። "ብርዱ እንዲለቅህ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አንገቱን ደፋ።

በዚያው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ሰምተኸኛል" አለች እማዬ። ያን ቀን አፏ ላይ ስፒል አልነበረም፤ ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። "እዚያ መጠጥ ቤት በር ላይ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብትታይ፣ ልጄን ይዤ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ወንበሩንም ለፈለገ ስጠው። ከዚህ በላይ አልችልም።"

"አልሄድም አልኩሽ እኮ።"

"ስንቴ ነው ያልከኝ?"



ከዚህ ሁሉ ወሬ እኔ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ ዥዋዥዌ አለ፤ ስለዚህ መሄዱ ክፋት የለውም። ሁለተኛ ግን ወንበሩ ለሰው ሊሰጥ ነው! "አክስቴ ቤት እንሂድ፤ ግን ወንበሩን ይዘን" ልላቸው መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩና የእማዬን ፊት ሳይ ተውኩት።

በማግስቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሲል አባዬ ብድግ አለ። እጁ ወደ ኮቱ ሄደ። ኮቱን ነካው፤ ግን አላወረደውም። ከሱሪው ኪስ አንድ ነገር አውጥቶ መንፋት ጀመረ። ፊኛ! ሰማያዊ ፊኛ! ጉንጩ ተወጥሮ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ እስኪበቃው ነፋና ከወንበሩ የራስ ማስደገፊያ ላይ በክር አሰረው። ከዚያ ትልቅ ቁም ነገር እንደያዘ ሰው የጺም ሳሙናውን በብሩሽ መትቶ ፊኛውን አረፋ ይቀባው ጀመር።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"ጺሙን ልላጨው ነዋ።"

"ፊኛ ጺም የለውም!"

"ለዚህ ነው ከእሱ የምጀምረው" አለኝ። "ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ ስድስት ወር ሙሉ የሰው ፊት አላስነኩኝም። ፊኛ ነበር የሚሰጡኝ። አረፋውን ጠርገህ ፊኛውን ካዳንከው የሰው ፊት ቀላል ነው ይሉኝ ነበር።"

ምላጩን ዘረጋ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ፊኛውን ሊያስፈራራው መሰለኝ። አንዴ ጠረገ። ሁለተኛው ላይ፣ ጧ!

አረፋው መስታወቱ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አፍንጫዬ ላይ። እማዬ ደንግጣ ከመጋረጃው ብቅ ስትል ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው አረፋ አናቷ ላይ ጠብ አለ። ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ እማዬ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ አባዬም ተከተላት። እኔማ ስቅ እስኪለኝ ነው የሳቅኩት። እናትና አባቴ አንድ ላይ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬም ደረቴ ውስጥ አለ።

"ድገም! አባዬ ድገም!"

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ቁጢጥ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ስሚ ድንቢጥ" አለኝ። "በቀን አንድ ፊኛ። ቢፈነዳም አንድ፣ ባይፈነዳም አንድ። 'ድገም' የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የለም።"

እንዴት ያለ ጨካኝ ነው አልኩ በሆዴ። ዛሬ ግን ይገባኛል። ያችን ቃል በየምሽቱ ብርጭቆውን ወደ አስተናጋጁ እየገፋ ስንት ጊዜ ብሏት ይሆን። ደግሞም ክፉ ቀን ብቻ አይደለም ሰውን የሚያሳስተው። ፊኛው ባልፈነዳለት ቀን "ዛሬማ ማን ይችለኛል" ብሎ አስር ቢነፋ፣ አንዱ ላይ መፈንዳቱ አይቀርም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ጨዋታው ሥርዓት ያዘ። ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አባዬ በሩን ገርበብ ያደርጋል። እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። ምላጩን ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው የቆዳ ቀበቶ ላይ ወዲህና ወዲያ ሃያ ጊዜ ያመላልሳል፤ ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። የፊኛ ቀለም መራጯም እኔ። ቁርጥራጩን ሰብስቤ በቆርቆሮ የማስቀምጠውም እኔ። ኮቱ እዚያው መስቀያው ላይ አቧራ ጠጣ። ከጨዋታው በኋላ ሦስታችንም እራት እንቀርባለን። ከዚያ በፊት የአባዬ ቦታ ላይ የምትቀመጠው አሻንጉሊቴ ነበረች፤ ያለ አንዳች ቅሬታ ለቀቀችለት።

ሌላም አዲስ ነገር ነበር። አባዬ ለዳቦም ይሁን ለሳሙና ወጣ ብሎ ሲመለስ እማዬ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ጠጋ ትልና ፊቷን አንገቱ ሥር ሽጉጥ ታደርጋለች። ትስመዋለች! እኔ ምን ሆኜ ዝም እላለሁ፣ ለክፍሌ ልጆች ሁሉ "የእኛ እናትና አባት በቀን ሦስቴ ይሳሳማሉ" ብዬ አወራሁ። አስተማሪያችን ሰምታ አፏን በእጇ ያዘች። እማዬ እየሳመችው ሳይሆን እያሸተተችው እንደነበር የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አባቴ በየቀኑ አንገቱን ሰጥቶ፣ ሳይቆጣ፣ "አላመንሽኝም ወይ" ሳይል፣ ተሸትቶ የሚገባ ሰው ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እኮራበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለእኔ ገነት ነበሩ። ጧ! ነገም ጧ! ከነገ ወዲያም ጧ! እማዬ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትለዋለች፤ አባዬ "ይህኛው እንቁላል ግን ይፈነዳል" ብሎ ይመልስላታል። ከዚያ ፊኛው ሦስተኛውን የምላጭ ጠረጋ ይችል ጀመር፤ ከዚያ አምስተኛውን። የአባዬ ግራ እጅ የቀኝ እጁን አንጓ ጨብጦ መያዙን ተወ። አንድ ምሽት፣ ወሩ ካለፈ በኋላ፣ ቢጫው ፊኛ ከላይ እስከ ታች ተላጨ። አረፋው ሁሉ ተጠረገ፣ ፊኛው አብረቅርቆ ቀረ፣ ምንም ጧ የለም።

አባዬ ምላጩን አጥፎ አስቀመጠ። እማዬ መጋረጃው ሥር ቆማ ታይ ነበር። ቀስ ብላ ወንበሩ ዘንድ መጣችና ፊኛውን በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ አለቀሰች። አባዬም ዓይኑን በፎጣ ጠረገ። ማንም አልሳቀም።

እኔ ሆዬ ልቤ ተሰበረ። ይኸው ሳይፈነዳ ቀረና አለቀሱ! በማግስቱም አልፈነዳም፤ በሳልስቱም። ቤቱ ፀጥ አለ። አባዬ እየላጨ እማዬ ቀስ ብላ ታንጎራጉራለች፤ ማንጎራጎሯንም ለሐዘን ነው የቆጠርኩት። እነዚህ ሰዎች የሚስቁት ፊኛ ሲፈነዳ ብቻ መሆኑን ከእኔ በስተቀር ያስተዋለ የለም። አንድ ነገር መደረግ አለበት አልኩ። የሚያደርገው ደግሞ ከእኔ ሌላ ማን አለ?

ወር እንዲህ አልፎ ዳይሬክተሩ መጡ። እማዬ ናት ሄዳ የለመነቻቸው። ከመስኮቱ ሥር ያለው የደንበኞች አግዳሚ ላይ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጆሯቸው ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር አለች።

"ጆሮ ያለኝ ሁለት ነው" አሉት አባዬን። "ሁለተኛውን ልሰጥህ የመጣሁ እንዳይመስልህ። እስቲ አሳየኝ።"

"ካልፈነዳ ይቀመጡልኛል ጋሼ?"

"ካልፈነዳ እቀመጣለሁ። እኔ ከተቀመጥኩ ሌላውም እንደሚቀመጥ ታውቃለህ። ከፈነዳ ግን ልጄ፣ አንተም አትድከም፣ እኔንም አታድክመኝ።"

አባዬ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሽርጡን አስሮ እጁን መታጠብ ጀመረ። እማዬ መጋረጃውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ቆማለች። እኔም አሰብኩ፤ ይህን የሚያህል ሰው እዚህ ድረስ ሊያይ መጥቶ ፊኛው ዝም ቢልስ? እንዴት ያለ ሐፍረት ነው! ሮጬ ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለው የስፒል ቆርቆሮ አንድ ስፒል ወሰድኩ፤ ሰማያዊ ራስ ያላት። ተመልሼ ከትልቁ ወንበር ጀርባ ቁጢጥ አልኩ። የሚያየኝ የለም። እኔ ማየት የምችለው የአባዬን ጫማና ከላዬ አረፋ የለበሰውን ፊኛ ብቻ ነው።

ምላጩ ሲሄድ ይሰማኛል። ሽር፣ ሽር፣ ሽር። እንደዚያ ቀን አድርጎ ላጭቶ አያውቅም። ግማሹ አለቀ። ዳይሬክተሩ "እህም" አሉ፤ ደስ ሲላቸው እንደዚያ ነው የሚሉት። አሁን ነው አልኩና እጄን ሽቅብ ላክሁ።

ጧ!

እስኪስቁ ጠበቅኩ። ማንም አልሳቀም። ከወንበሩ ጀርባ ብቅ ስል ዳይሬክተሩ መነጽራቸው ሁለቱም በአረፋ ተሸፍኖ እንደ ሐውልት ተቀምጠዋል። እማዬ አፏን ይዛለች። አባዬ ምላጩን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ መስታወቱን ያያል። ራሱን የሚያይ መሰለኝ። ብዙ አየ። ከዚያ ምላጩን አጠፈ፣ ሽርጡን ፈታ፣ ሄዶ ኮቱን አወረደ። ስንት ጊዜ ያልተነካ ኮት፣ አቧራው ቡን አለ።

"መጣሁ" አለ።

"እባክህ" አለች እማዬ። "እባክህ፣ አሁን ከወጣህ..."

በሩን ከፍቶ ወጣ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እንግዳ መጥቷል፣ ፊኛው ተበላሽቷል፣ ሌላ ሊያመጣ ሄደ። ደፉ ላይ ቆሜ ባለኝ ጉልበት ጮህኩ፤ "አባዬ! ቀይ አምጣ! ሰማያዊ እንዳታመጣ፣ ቀይ!"

ዞር ብሎም አላየኝ።

እማዬ መጥረጊያ አነሳች። ሰው ሲጨንቀው እጁ ሥራ ይፈልጋል። አረፋውንና ቁርጥራጩን እየጠረገች ከወንበሩ ጀርባ ደረሰችና ቆመች። ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አነሳች። ስፒሏ ናት፤ ደንግጬ ጥያት ነበር። እማዬ ስፒሏን አየች፣ እኔን አየች። አሁን ጉድ ፈላ አልኩ። እሷ ግን ስፒሏን ከንፈሯ መሃል አድርጋ መጥረጓን ቀጠለች።

"ወዴት ነው የሄደው?" አሉ ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን እየወለወሉ።

"እንጃ ጋሼ።"

"እጠብቀዋለሁ።" ባርኔጣቸውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለዘገየ ተማሪ በር ስዘጋ ኖሬያለሁ። አሁን አሁን ይቆጨኛል።"

መንገዱ ላይ መብራት እስኪበራ ጠበቅን። እኔ ከበሩ አልተነቃነቅኩም። አባዬ ከዳቦ ቤቱ ጥግ ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። እጁ ላይ የወረቀት ጥቅል ይዟል። ተቀብዬ ስፈታው ፊኛ ነው፤ አንድ እፍኝ ሙሉ፣ ሁሉም ቀይ። ምን አልኩ! "አላልኳችሁም?" አልኩ ዞር ብዬ፤ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ።

እማዬ ግን ፊኛ አላየችም። ሮጣ አንገቱ ሥር ገባች። እንደዚያ ቀን ረጅም ጊዜ ቆይታ አታውቅም። ዳይሬክተሩም ተነስተው መጡና፣ የትልቅ ሰው ነገር፣ ጉንጫቸውን ከጉንጩ አስጠግተው በረጅሙ ሳቡ። እነዚህ ሰዎች እንዴት ቢዋደዱ ነው አልኩ።

ሽማግሌው ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ፤ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። "ላጨኝ" አሉ።

"ነገ ጋሼ" አለ አባዬ። "ነገ በዚህ ሰዓት።"

"ምነው?"

"የዛሬዬን ጨርሻለሁ። በቀን አንድ ነው።"

ዳይሬክተሩ በመስታወት ውስጥ ትንሽ አዩትና ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ነገ እመጣለሁ አሉ፤ መጡም። አባዬ ከጆሯቸው እስከ አገጫቸው አንዲት ጭረት ሳያወጣ ላጫቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጉንጫቸው እስኪፈነዳ ጠበቅኩ። ባለመፈንዳቱ ክፉኛ ተከፋሁ። በሳምንቱ አግዳሚው በደንበኛ ሞላ፣ ወንበሩም ቀረልኝ፣ አክስቴ ቤት ለጉብኝት ብቻ ሄድን።

ከአስራ አምስት ዓመት በኋላ ሙያውን ከአባዬ መማር ስጀምር፣ በፊኛ አስጀምሮኝ ሳለ፣ ያን ምሽት የት እንደሄደ ራሱ ነገረኝ። "መጠጥ ቤቱ ጋ ደርሼ እጄ በሩን ይዟል" አለኝ። "ልገፋው ስል አጠገቡ ያለው ሱቅ መስኮት ላይ ፊኛ ተንጠልጥሏል። ያቺ ልጅ ምን አምጣ ነበር ያለችኝ? ሰማያዊ ነው ወይስ ቀይ? እሱን ለማስታወስ ቆምኩ። ቀይ ነው። ሌላ ነገር ይዤ ብገባ ምን እላታለሁ?" አባቴን የመለሰችው ምክር አይደለችም፤ የአንዲት ጥርስ አልባ ልጅ ትዕዛዝ ናት። ሰምቼ መግቢያ ጠፋኝ። ፊኛውን ያፈነዳሁት እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። "እንዳትናገሪ!" አለችኝ፣ ስፒሎቿን ከአፏ አውጥታ። "ያን ቀን ወድቄያለሁ ብሎ እያመነ፣ ሳይጠጣ ተመለሰ። ፊኛው ሳይፈነዳማ ማንስ ቢሆን ሳይጠጣ ይመለሳል። ያቺን አንዲት ነገር ልትቀሚው ነው? አፍሽን ያዢ።" ያዝኩ። አባዬም ታሪኩን ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ ኖረ፤ "ወሳኙ ቀን እጄ ላይ ፈነዳ! ግን በማግስቱ በሰዓቱ እንደገና ምላጬን አነሳሁ" እያለ። እሱ ባለ ቁጥር እማዬ በመስታወት ታየኛለች፣ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

አሁን ወንበሩ የእኔ ነው። ቆዳውን ሁለት ጊዜ አስቀይሬዋለሁ፤ ቀይ በቀይ። ምሽት ላይ ሥራ ስጨርስ አንድ ፊኛ እላጫለሁ፤ ሃያ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ ብዬ አላቆምኩም። የአባዬ እጅ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው። "ይህኛው የዕድሜ ነው፤ ለዚህኛው የሚያሸተኝ የለም" ብሎ ይቀልዳል። ስለዚህ በየቅዳሜው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እሱን የምላጨው እኔ ነኝ፤ እማዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አዝራር ትተክላለች።

ባለፈው ቅዳሜ አባዬ ታሪኩን ለመጨረሻው ደንበኛ አውርቶ፣ ደንበኛውም ስቆ ወጣ። አረፋውን ቀባሁት። ጉንጩ በእርጅና ተሸብሽቧል፣ ምላጭ ያስቸግራል።

"አባዬ፣ ጉንጭህን ንፋልኝ።"

ነፋ። ልክ እንደ ፊኛ። ምላጩን ሳስጠጋ በአፉ ጥግ፣ "ስፒል አልያዝሽም አይደል?" አለኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። የእማዬ አዝራር ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

"ምን አልክ?" አለች እማዬ።

"ፀጉር አስተካካይ እኮ ነኝ!" አለ አባዬ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ። "መስታወት ፊት ቆሜ አይደል የኖርኩት? አንዲት ሚጢጢ እጅ ከወንበሩ ጀርባ ሽቅብ ስትወጣ ቁልጭ ብላ ታየችኝ።"

"አውቀህ ነው ኮትህን ያነሳኸው?"

"ምን ላድርግ ታዲያ? 'እኔ አይደለሁም' ልበል? ስንት ዓመት 'እኔ አይደለሁም' ስልሽ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ማን ያምነኛል? 'ልጅቷ ናት' እንዳልል ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ቤቴን አፈረስኩ ብላ ታድጋለች። አንድ ደቂቃ ብቆይ ግን ቃሏን አወጣት ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሳለች። ያችን ቃል ልውጥ ወጣሁ። እግሬ የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ እንጂ።"

ዓይኔ እንባ ሞላ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ "እጄ ላይ ፈነዳ" ሲል የኖረው የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ነው። "ይቅርታ አባዬ" አልኩት። "እንድትስቁ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ሳቅን እኮ፤ ትንሽ ዘገየን እንጂ።" ወደ እማዬ ዞረ። "አንቺስ? ስፒሏን ስታገኚ ለምን አልነገርሽኝም?"

እማዬ የአዝራር ሥራዋን አስቀምጣ ተነሳች፤ ጉልበቷ ያማታል፣ ቀስ ብላ ነው የመጣችው። ወንበሩ አጠገብ ደርሳ ጎንበስ አለችና ፊቷን አንገቱ ሥር ሽጉጥ አደረገች። አባዬም እንደ ልማዱ አንገቱን ሰጣት።

"ሳሙና ሳሙና ትላለህ" አለችው።

አፍንጫዋ ላይ አረፋ ይዛ ቀና አለች። ደግማ ጎንበስ አለች። በዚህኛው አልተሳሳትኩም፤ ሳመችው።